ስድስት ቀዳዳ ያለው ዲስክ

ክብ ነገር ሰውን ያታልላል። ማዕዘን ያለው ነገር ቢያንስ ነውሩን አይደብቅም፤ በር ከመቃኑ ካልገጠመ ክፍተቱ ነፋስ እያስገባ ይናገራል፣ ጠረጴዛ አንድ እግሩ ካጠረ ሻያችሁን ደፍቶ ያሳውቃችኋል። ክብ ነገር ግን ሁሉም የአንድ እናት ልጅ ይመስላል። ክዳን ገዝቶ ቤቱ ከደረሰ በኋላ ክዳኑ ድስቱ ውስጥ የሰመጠበት ሰው የምለው ይገባዋል።

በእኛ ከተማ፣ በደብረ ታቦር፣ መለዋወጫ የምንገዛበት የቆየ ሥርዓት አለ። የተሰበረውን በፌስታል ጠቅልለን እንወስድና ባንኮኒው ላይ ዘርግፈን “የዚህን እኩያ” እንላለን። ባለሱቁ በስንዝሩ ይለካል፣ ዓይኑን ያጠብባል፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ገብቶ ዕቃ ሲያንኳኳ ይቆይና የሚመስል ነገር ይዞ ይወጣል። “ይሄ ነው” ካለ ይሄ ነው። ቤት ወስደነው እምቢ ካለ ደግሞ ብየዳ ቤት አለልን። እኛ ዘንድ “አይገጥምም” የሚባል ነገር የለም፤ “ትንሽ ይስተካከላል” ነው የሚባለው። ብሎኑንም፣ ጋብቻውንም፣ ሹመቱንም የምናየው በዚሁ ዓይን ነው። ስንቱ ሰው ተሞርዶ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ብቆጥርላችሁ ይመሻል።

እኔ ሜካኒካል ምህንድስና የተማርኩ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም፤ የሚያኮራ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ አንጠልጥዬ የወንበር ቁጥር አልመዘግብም ነበር። ግን የተማርኩት ትምህርት አንድ ቀን እንኳ ለሰው ይጥቀም ብዬ ልምከራችሁ። የተራራ ሳይክል ጎማ ልትገዙ ከሄዳችሁ ቸርኬውን አትዩ። ሁሉም ሰው የሚያየው ቸርኬውን ነው፤ ያብረቀርቃላ። እናንተ እምብርቱን እዩ። ሽቦዎቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበትን፣ መሃል ዘንጉ የሚያልፍበትን፣ ሞዞ የሚባለውን ማለቴ ነው።

አሁን አሁን የሚመጡት የተራራ ሳይክሎች ፍሬናቸው እንደ ድሮው ቸርኬ አይጨብጥም። ከሞዞው ጎን ስስ የብረት ሳህን ታስሯል፤ ዲስክ ይሉታል፤ ፍሬኑ የሚነክሰው እሱን ነው። ታዲያ ዲስክና ሞዞ የሚጋቡት በሁለት ዓይነት ሥርዓት ነው። አንደኛው ዲስክ ስድስት ቀዳዳ አለው፤ በስድስት ትንንሽ ብሎን ሞዞው ላይ ይታሰራል። ሁለተኛው ዓይነት ሞዞ ደግሞ የብሎን ቀዳዳ የሚባል ነገር የለውም፤ ዙሪያውን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አውጥቷል፤ የራሱ ጥርሳም ዲስክ ተንሸራቶ ይገባበትና በቀለበት ይቆለፋል። ባለ ስድስት ቀዳዳው ጥርሳሙ ላይ አይሆንም። ሁለቱን የሚያስታርቅ በልክ የተሠራ ዕቃ በዓለም ላይ አለ፤ ደብረ ታቦር ላይ ግን የለም። የዘንጉ ውፍረትና የዲስኩ ስፋትም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ እሱን ልተወው።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ዕለት ግን ይህን እውቀት ይዤው ዝም አልኩ።

ለምን ዝም እንዳልኩ እንዲገባችሁ ሙሉቀንን ማወቅ አለባችሁ። ሙሉቀን የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ ጠረጴዛችን ፊት ለፊት፣ ምሳችን ከአንድ ሳህን። ሴት ልጁ ሰርካለም ክርስትና ስትነሳ ለእንግዳው ጠላ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ከአስራ አራት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤታችን ለገጠር ውኃ የሚሆኑ ፓምፖች አስመጣ። ገና ከመኪና ሲወርዱ አየኋቸው፤ አፋቸው ከተዘረጋው ቧንቧ ጋር አይገጥምም። በዕለቱ ሪፖርት ጻፍኩ። ሙሉቀን አነበበውና “ቃሉን ትንሽ አለስልሰው” አለኝ። አላለሰለስኩትም፤ እንዳለ አስገባሁት። ፓምፖቹ “ተስተካክለው” ተተከሉ። በወሩ ውኃው መሬት ላይ ፈሰሰ፣ ጥፋተኛ ተፈለገ።

ያን ጊዜ ግምገማ የሚሉት ነገር ነበር። ያለፈበት ያውቀዋል። ላላለፈበት ሰው፣ አንዱን መሃል አስቀምጦ ባልደረቦቹ በየተራ እየተነሱ ጉድለቱን የሚዘረዝሩበት ስብሰባ ነው በሉት። ሪፖርቴ ከፋይሉ ውስጥ ታጣ። “እያየ አሳለፈ” ተባልኩ። ጽፌያለሁ አልኩ። ሰብሳቢው “ሪፖርቱን በዓይኑ ያየ አለ?” ብሎ አዳራሹን ጠየቀ። ሙሉቀን ጫማውን ያይ ነበር። ቡናማ ጫማ ነው፣ የግራው ማሰሪያ ላልቷል። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ለሁለተኛ ዲግሪ ልሄድበት የነበረው ዕድል ለሌላ ሰው ሆነ፤ እኔ ግምጃ ቤት ወረድኩ። ሙሉቀን በዓመቱ ቡድን መሪ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን የእንቁጣጣሽና የፋሲካ ብቻ ሆነ፤ እሱም ከሩቅ። ሰው “እርሳው” ይለኛል። መርሳት ለበዳይ ቀላል ነው። ተበዳይ ግን ሌላ ሥራ የለውም፤ ያስታውሳል።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜው እንመለስ። ለአሮጌ ሳይክሌ የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪ የሚሉትን፣ ልገዛ ጌትነት ሱቅ ገባሁ። ጌትነት የሳይክል ዕቃ ከባሕር ዳር እያመጣ ይሸጣል፤ ምላሱ ከመደርደሪያው ይበልጥ የተሞላ ነው። ሙሉቀን ቀድሞኝ ባንኮኒውን ተደግፏል። ፌስታሉ ተዘርግፏል፤ ባለ ስድስት ቀዳዳ ዲስክ ነው።

ከሁለቱ ወሬ እንደሰማሁት ጉዳዩ የሰርካለም ነው። ያቺ ጠላ የቀዳሁላት ሕፃን አድጋ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆናለች። ጉና ተራራ ሥር ባሉት ቀበሌዎች በግ ትከትባለች፣ ከብት ታክማለች። አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ትቶት የሄደው የተራራ ሳይክል ደርሷታል። የክትባቱን ሳጥን ከኋላ አስራ ዳገቱን እየገፋች ትወጣለች፣ ቁልቁለቱን ተቀምጣ ትወርዳለች። ፊተኛው ጎማ ቦይ ውስጥ ገብቶ ሞዞው ተሰንጥቋል፤ ዲስኩ ግን ደህና ነው። ሰኞ ደግሞ ክትባት ይጀመራል፤ የጉና በግ ቀጠሮ አይለወጥለትም።

ጌትነት አዲስ ጎማ አወረደ። ሙሉቀን ዲስኩን አስጠጋው፤ አልተቀመጠለትም። አገላብጦ አስጠጋው፤ አሁንም አልተቀመጠም። ሞዞው ጥርሳም ነው።

“ትንሽ ነው የቀረው ጋሼ” አለ ጌትነት። “ብየዳ ቤት ይውሰዱትና መሃሉ ላይ ቀለበት ያስገቡበት። መድፍ የቀለጠበት ጋፋት አጠገብ ተቀምጠን ለአንዲት ሳህን እንጨነቅ እንዴ?”

ሙሉቀን አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረና ጎማውን ዘረጋልኝ። “እስቲ ያዘው” አለኝ። በአስራ አራት ዓመት ውስጥ በቅርብ የተናገረኝ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው።

ያዝኩት። አውራ ጣቴን በጥርሱ ላይ አዞርኩ። የዲስኩ መሃል ከጥርሱ ይሰፋል። ያንን ክፍተት የሚሞላ ቀለበት ብየዳ ቤት የሚቆርጠው ከለስላሳ ላሜራ ነው፤ ጥርሱን በሞረድ ያወጡለትና በመዶሻ መትተው ያስገቡታል። ሜዳ ላይ ይይዛል። ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬኑ ግሎ ሳጥኑ ከኋላ ሲገፋ፣ የሞዞው ጥርስ ላሜራውን ይልገዋል። ያን ጊዜ ፍሬኑ ዲስኩን ይይዛል፣ ጎማው ግን ብቻውን ይሄዳል፤ የኋላው ፍሬን ለብቻው ያንን ሁሉ ክብደት አይችለውም። ይህን ሁሉ ለማየት አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ያህል እንኳ አልፈጀብኝም።

“ጎማው ጥሩ ነው” አልኩና መለስኩለት።

ልብ በሉ፣ አልዋሸሁም። ከቸርኬው እስከ ሽቦው እንከን አልነበረውም። ይገጥማል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ “እስቲ ያዘው” ተባልኩ፣ ያዝኩት። ሕግ ሳልማር በአንድ አፍታ የሕግ ሰው ሆንኩ። ካላማዳሪዬን ይዤ ስወጣ ዝም አይነቅዝም እያልኩ ነበር። ልናዘዝ ከተነሳሁ አይቀር ደግሞ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅቷ ትውደቅ ብዬ አይደለም። ሙሉቀን ልጁ ፊት ተሞኝቶ፣ “የሚያውቅ ሰው አጠገብህ እያለ?” ተብሎ፣ ያንን ጫማውን ሲያይ ታይቶኝ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ሰርካለም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሳይክሏን ይዛ አገኘችኝ። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝና “ጎማዬ ተሠራልኝ፣ ጋሼ” አለች። ሜዳው ላይ ትንሽ ነዳችና ፍሬኑን ጨበጥ አደረገች፤ ቀጥ አለላት። ላሜራው ከነመዶሻ ምልክቱ ከዲስኩ ሥር ይታየኛል። “ጎበዝ” አልኳት። ሌላ ቃል ነበረኝ፤ ሰው ብዙ ነው፣ አባቷ ይመጣ ይሆናል፣ ደግሞም እንደምታዩት ይዟል እኮ እያልኩ ዋጥኩት።

ሰኞ ጠዋት ወንበር እየቆጠርኩ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። እሷ ወጥታለች። ሽቅቡን ስትገፋ ምንም አትሆንም፤ የምትወርደው ከሰዓት በኋላ ነው። ሄጄ እላይ ላግኛትና በእግርሽ ውረጂ ልበላት ብዬ ተነሳሁ። ፈቃድ ለመውጣት ቅጽ መሙላት ነበረብኝ፤ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር፤ ጠበቅሁት። ጥሎ መውጣት ይቻል ነበር። አስራ አራት ዓመት የበደለኝን መሥሪያ ቤት ሥርዓት ያን ቀን አከበርኩለት።

ወደ ጉና በሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ፣ የእግር መንገዱ ከዋናው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ወረድኩ። ገና ሽቅብ ጥቂት እንደሄድኩ ቃሬዛ ሲመጣ አየሁ።

በእኛ አገር መንገድ ላይ ቃሬዛ ያገኘ ሰው ማን ነው ብሎ ሳይጠይቅ ትከሻውን ይሰጣል። ጠላትም ቢሆን፣ መንገደኛም ቢሆን፣ የሚቀጥለው መታጠፊያ ድረስ ይሸከማል። እኔም ገባሁና ከፊት በግራ በኩል ያለውን አጣና ተቀበልኩ። ከጎኔ የነበሩት አያ ካሴ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። አካሄዴን ትንሽ አዩና “ትከሻህን ቀና አርግ እንጂ ሰውዬ፤ ልጅቱ ወዳንተ ተንሸራተተች። ቀለም ተሸክመህ ነው መሰል የኖርከው” አሉኝ።

የሆነውንም እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ገብስ ማሳ ላይ ሆነው ስትወርድ ሰምተዋታል፤ ሳይክሉ ይጮኽ ነበር፤ ፍሬን ሲይዝ እንደሚጮኸው ነው። “ከዚያ ጩኸቱ ቆመ። የደነገጥነው ያኔ ነው። ዝም ብሎ ሲመጣ ነው የፈራነው።” ካብ ላይ ነው የወደቀችው። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሯል። አያ ካሴ ወደ ወጌሻ እንውሰዳት ብለው ነበር፤ እምቢ ያለችው ራሷ ናት።

“የበግ እግር በሸምበቆ ሳስር አይተውኝ ነው፤ ዛሬ ተራዬ ደርሶ” አለች ከቃሬዛው ላይ። ፊቷን በነጠላ ሸፍነውላታል። ድምፄን ሰምታ ኖሮ “ጋሼ፣ አንቱ ነዎት?” አለችኝ።

እኔ ነኝ አልኳት።

“ከየት ደረሱ?”

ሥራ ነበረኝ እዚህ አካባቢ አልኩ።

ሕመሙ ሲመለስባት ትንፋሿ ይሰማኛል። “ምን እንደሆነ አልገባኝም” አለች ቆይታ። “ብየዳው አላማረኝም ነበር። አባዬን እንጃ ይሄ ነገር ስለው፣ እሱ በእጁ ይዞ አይቶታል፤ እንከን ቢኖረው ይናገር ነበር፤ እውነት በመናገር ከሱ በላይ ሰው የለም አለኝ። አንቱን ማለቱ ነው። እንጂማ በእግሬ ልወርድ ነበር።”

አያ ካሴ “መታጠፊያው ደርሷል፣ ለቅቀህ ላንዱ ስጥ” አሉኝ። አልሰጠሁም። አስፋልቱ ድረስ ተሸከምኩ። “ቀስ አርጉት፣ በግ አይደለሁም” ትላለች አልፎ አልፎ፤ ተሸካሚዎቹ ይስቃሉ። እኔ እግሬ የት እንደሚያርፍ አላውቅም ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ አጥንቷ ሁለት ቦታ መሰበሩን ነገረን። ይድናል፤ ግን ያቺ እግር ከሌላዋ ታጥራለች። ወደፊት ዳገት መውጣት ይከብዳታል አለ። ዛሬ ሰርካለም ቢሮ ተቀምጣ ሌሎች የከተቧቸውን በጎች ቁጥር ወረቀት ላይ ታሰፍራለች። ጉናን የምታየው በመስኮት ነው።

ያን ዕለት ግን ገና የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ነን፤ ሙሉቀን ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ከራሴ ጋር ክርክር አልገጠምኩም።

“እንደማይገጥም አይቼ ነበር” አልኩት።

“ምኑ?”

“ዲስኩ። ቅዳሜ ጎማውን ስትሰጠኝ ጥርሱን በጣቴ ዳስሼ አወቅሁት። ቁልቁለት ላይ እንደሚለቅ አውቄያለሁ። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።”

ቀና ብሎ ብዙ አየኝ። ይሰድበኛል፣ ቢመታኝም ይሁን ብዬ ጠበቅሁ። እጁን አንስቶ አጣናው በላጠው ትከሻዬ ላይ አሳረፈው።

“ተው” አለኝ። “ብየዳ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። እኔን ለማቅለል ብለህ ራስህን አታርክስ። አንተን አላውቅህምና ነው? አንተ እንከን አይተህ ዝም የምትል ሰው ብትሆን ኖሮ ዛሬ የት በደረስክ።”

አስራ አራት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ይህ ነበር። ሪፖርቱን እንዳነበበ፣ እንደጻፍኩ፣ እንዳላሳለፍኩ የሚያውቅ ሰው ቃል ነው። በሐሳቤ ስንት ጊዜ አስብዬዋለሁ፤ ምን ብዬ እንደምመልስለትም አዘጋጅቼ ነበር። ያዘጋጀሁት ሁሉ ለሌላ ሰው ነበር፤ እዚያ በረንዳ ላይ የተቀመጠው እሱ አልነበረም።

ደግሜ ነገርኩት። “በቃ፣ ሰማሁህ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ” አለና አለቀሰ።

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሰምተው ስግደት ሰጡኝና “ለልጅቱ ግን በአፍህ ንገራት” አሉኝ። ነገርኳት። ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ። “እንዲህ እንደሚሉኝ አባዬ ነግሮኛል” አለችኝ። “ጥፋቱን ከሱ ላይ ሊያነሱለት ነው። አንቱ ባይሆኑ ማን እንዲህ ያደርጋል?” ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስታየኝ፣ ያቺ እግሯ እያስቸገረቻት፣ ከመቀመጫዋ ትነሳልኛለች። ተቀመጪ ስላት እሺ አትልም።

ሙሉቀን ደግሞ ወሬውን ለከተማው አዳርሶታል። ጌትነት ሱቅ ስገባ ወንበር ይቀርብልኛል። አንድ የማላውቀው ሰው ባለፈው አስፋልት ላይ አስቁሞ እጄን ጨበጠኝ። እኔም በመጀመሪያ አስተባብል ነበር፤ ባስተባበልኩ ቁጥር “ትሕትናው” ስለሚሉ ተውኩት።

ያላደረግሁትን አደረግህ ሲሉኝ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ለማመን ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ያደረግሁትን አደረግሁ ብዬ ብለምን ግን የሚያምነኝ አንድ ሰው አጣሁ። በቃል አልሆን ሲለኝ ጻፍኩት። እናንተም ይኸው አነበባችሁት፤ አሁን ወግ ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ።